ዝንቡ እዚህ አለ ወይ?

(በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራሽ አንድ ነገር አካፍይን» ሲሉኝ ስለ ስኬት እንድናገር ፈልገው ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት አንዲት የአዘና እናት የጠየቁኝን፣ እኔም ቶሎ ብዬ የመለስኩትን አንድ ጥያቄ ነው። ነገሩ ስለ ዝንብ ነው፤ ምሳ ሊቀርብ ሲል ስለሆነ ይቅርታ።

1997 ዓ.ም.ን የምታስታውሱ አላችሁ። እኛ ያኔ ገና ተማሪዎች ነበርን። ሊቦ ከምከም ውስጥ፣ በአዲስ ዘመን አካባቢ፣ ትኩሳት ይዞት የወባ መድኃኒት ወስዶ አልሻል ያለው ሰው በዛ። መጀመሪያ የታሰበው ወባው መድኃኒቱን ተለማምዷል ተብሎ ነበር። ግንቦት ላይ ግን በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ከ2,000 በላይ ሰው ለዚሁ በሽታ ታከመ። ስንቱ ሳይታከም እንዳለፈ እግዚአብሔር ይወቅ። እኛ ወሬውን ስንሰማ ምን አልን? «እንዴት እንዲህ ያለ ጣፊያ በእጃቸው ነክተው ወባ ይላሉ?» ብለን ሳቅን። ከሳቁት አንዷ እኔ ነበርኩ። እዚህ የተቀመጡ ምስክሮች አሉኝ።

ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አዊ ውስጥ ተመደብኩ። የተቋሙ ስም ይቅር፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አልነበረም። ከአዘና ገጠር አንድ የ19 ዓመት ልጅ በእናቱ ተደግፎ መጣ። ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርዶ ነበር። ያው እንደምታውቁት የአዊም የምዕራብ ጎጃምም ወጣት በአረምና በአጨዳ ወራት ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ ወደ ጃዊ ይወርዳል። ትኩሳት፣ ብርድ፣ ክሳት። የወባ መድኃኒት ሰጠሁት። ተመልሶ መጣ፤ ታይፎይድ ነው አልኩ። (አገራችን ውስጥ ያልታወቀ ትኩሳት ሁሉ የሚጠራበት ስም ታይፎይድ አይደል?) ሦስተኛ ሲመጣ እናትየው ምንም ሳይሉ ሸሚዙን ገለጡና «እቴ፣ ይህን ሆድ ነክተሽዋል?» አሉኝ።

ነክቼው ነበር። ካርዱ ላይ «ጣፊያው ይዳሰሳል» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። አሁን ግን እምብርቱ ደርሷል። ወደ ጎንደር ላክሁት፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ሕክምናው ለ30 ቀን በየቀኑ መርፌ ነበር። ልጁ ያንን ሁሉ ችሎ ዳነ። የኔ ስህተት የወሰደበት ሳምንታት ግን አሉ፤ እነዚያን ማንም አይመልስለትም።

ጥያቄው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እናትየው ሊያመሰግኑኝ ብለው ከአዘና ድረስ መጡ። ይሄም በራሱ አሳፈረኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና፦

«እቴ፣ ታናሽ ወንድሙ ከርሱ ጋር ነው የሚተኛ። አይጋባበትም?»

«ኧረ አይጋባበትም፣ እማማ» አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ።

እንግዲህ መልሴን ከፍተን እንየው። ካላዛር በትንፋሽ፣ በዕቃ፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍም፤ እስከዚህ ልክ ነኝ። ተሸካሚዋ የአሸዋ ዝንብ የምንላት ናት። ሴቷ በሽተኛውን ትነክሳለች፣ ተውሳኩ በአንጀቷ ውስጥ ለቀናት ይራባል፣ ከዚያ ሌላ ሰው ትነክሳለች። ስለዚህ «አይጋባበትም» ማለት የሚቻለው ዝንቧ አዘና ውስጥ ከሌለች ብቻ ነው። እኔ ይህን በምን አወቅሁ? በመጽሐፍ። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው፣ ግራር ባለበት ዋልካ መሬት ላይ ነው ተብሎ ተምረን ነበርና። ሊቦ ከምከም ግን ያንን ትምህርት አፍርሶት ነበር። አገሩ ወይና ደጋ ነው። ባለሙያዎች ወጥመድ ዘርግተው ሲፈልጉ የመተማና የሁመራ ተሸካሚ የሆነችውን ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስን እዚያው አገኟት። በሽታውን ከቆላ ያመጡት ከሥራ የተመለሱ ወጣቶች ሳይሆኑ አይቀሩም የሚለው ግምት ጠንካራ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ ሰው ታመመ። ደጅ፣ በተለይ ግራር ሥር የሚተኛ ሰው ደግሞ ይበልጥ ተጠቂ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የአዘናዋ እናት ጥያቄ በሊቦ ከምከም የተመለሰው «አዎን፣ ይጋባል» ተብሎ ነው።

ዝንቧን ላላያችኋት፦ ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ ጸጉራም፣ ስታርፍ ክንፎቿን ወደ ላይ ከፍታ የምትይዝ። እንደ ቢንቢ ድምፅ የላትም። በርራ ሩቅ አትሄድም፤ ንፋስም ትፈራለች። በተራው አጎበር ቀዳዳ ልታልፍ ትችላለች። የምትራባው ውኃ ላይ አይደለም፤ እርጥበትና ብስባሽ ባለው አፈር፣ በመሬት ስንጥቅ፣ በአይጥ ጉድጓድ፣ በኩይሳ ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ለወባ የምናደርገው ውኃ ማፋሰስ እሷን የማይነካት።

ፍለጋዋ በአገራችን አዲስ አይደለም። በእንዶድ የምናውቃቸው አክሊሉ ለማና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወሎ ኩታበር ወርደው የቁንጭርን መንገድ ተከታትለዋል። ቁንጭር የዚሁ ተውሳክ ዘመድ የሚያመጣው የቆዳ በሽታ ነው፤ የደገኛው ሰው ዕጣ ነው፤ ከ1,400 እስከ 2,700 ሜትር ባለው አገር ይገኛል። ኋላም አሽፎርድና ጓደኞቹ ተውሳኩን በሽኮኮ ላይ አገኙት። ገደል ሥር የሚኖር ሰው፣ ገደሉ ውስጥ ሽኮኮ፣ በመካከላቸው ዝንብ። ማንም ሐኪም ክሊኒኩ ተቀምጦ ይህንን ሰንሰለት ሊያየው አይችልም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የድንድሩ ነው። ድንድር ከኛ አልጣሽ ጋር የሚዋሰን የሱዳን ብሔራዊ ፓርክ ነው። ሱዳናዊው ኤልናይምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እዚያ ጫካ ውስጥ ወጥመድ ሰቅለው ተውሳኩን የተሸከመች ዝንብ ያዙ፤ የያዙትም ሰው በማይኖርበት ቦታ ነው። ሰው ሳይኖር ተውሳኩ አለ ማለት ጫካው ራሱ አውሬውን እየተጠቀመ ሊያቆየው ይችላል ማለት ነው። የኛ ልጅ ከመንገድ ደክሞት ግራር ሥር ጋደም ሲል የሚገባው እዚያ ቤት ነው።

ታዲያ አዘናስ? ከጥቂት ዓመታት በፊት የነፍሳት ባለሙያ የሆነ ጓደኛዬን ለምኜ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ ጨምረን ለቅዳሜና እሁድ ሄድን። ጥናት አልነበረም፤ በሉት የኅሊና ዕዳ። ደጋችን ላይ ጥሩ ደን የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስለሆነ ከቅጥሩ ውጭ ሁለት የብርሃን ወጥመድ ሰቀልን። ነገሩ በባትሪ የምትበራ ትንሽ አምፖል፣ ከሥሯ ማራገቢያ፣ ከዚያ የመረብ ከረጢት ነው። ገደሉ ስንጥቅ ላይ ደግሞ የጉሎ ዘይት የተቀባ ወረቀት ለጠፍን፤ ዝንቧ ስትወጣ እንድትጣበቅ። ማታ ጠባቂው መብራቱን አይተው ቄሱን ጠሩ።

«ልጄ፣ በሌሊት ምን ፍለጋ ነው?»

«ዝንብ ነው፣ አባ።»

ዝም ብለው አዩኝ። «ዝንቡ ቀን አልበቃችሁም?» አሉ። አስረዳኋቸው፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ጋቢ አስመጡልን።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ንፋሱም አላቆመም። ጠዋት ከረጢቱን ስንፈታ የእሳት ራት ብቻ። እኔ ተነፈስኩ፤ «የለችም ማለት ነው» አልኩ። ጓደኛዬ ሳቀና «ዶክተር፣ አንድ ጊዜ ደም አይተሽ ወባ የለም ትያለሽ እንዴ?» አለኝ። በሰሜን ምዕራቡ ቆላ ዝንቧ የምትበዛው ከክረምት በፊት ባሉት ደረቅ ወራት ነው። ንፋስ ባለበት የኅዳር ሌሊት ባዶ ወጥመድ ምንም አይናገርም። ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ በየወሩ፣ ቤት ውስጥ፣ በረት አጠገብ፣ ደኑ ውስጥ፣ ገደሉ ላይ መስቀል ያስፈልጋል። የተያዘችውንም ራሷንና የሆዷን ጫፍ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ መለየት አለ፤ ብዙዎቹ የአሸዋ ዝንብ ዝርያዎች ሰውን አያሳምሙም። ይህ የዓይን ሥራ ነው፣ የሚችለው ሰውም ጥቂት ነው። እኛ በየዓመቱ ስንት መቶ ሐኪም እናስመርቃለን፤ የዝንብ ራስ ለይቶ የሚያነብ ግን ስንት አለን? ይህን የምጠይቀው መምህሮቻችንን ነው፣ በፍቅር።

ለሐኪሞቹ ደግሞ አንድ ነገር። ካርድ ላይ «መተማ ደርሶ የመጣ» ብለን መጻፍ ለምደናል፤ ጥሩ ነው። «ከቀበሌው ወጥቶ የማያውቅ» ብለንም እንጻፍ። በሊቦ ከምከም ደወሉ የነበረው ያ ነው። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ጣፊያው ያበጠ ሰው ሲመጣ ከጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ አለ፤ ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው። መተማ አልሄደም ብላችሁ አትለፉት።

ልጁ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ በየዓመቱ አሁንም ይወርዳል። ከእናቱ ጋር ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን ተገናኘን። አልጠየቁኝም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። «ያኔ የነገርኩዎት ሙሉ አልነበረም» ብዬ ስለ ዝንቧ ነገርኳቸው። አዳመጡኝና «እና አሁን አለች?» አሉ። «ገና አልፈለግናትም» አልኳቸው።

ወጥመዶቹ ስድስት ሆነዋል፣ ባትሪዎቹን ገዝቻለሁ፤ ቄሱም ፈቅደዋል። ከመጋቢት ጀምሮ በወር ሁለት ሌሊት አዘና ሊያድር የሚችል የባዮሎጂ ወይም የፓራሲቶሎጂ ሰው ካለ፣ ምሳ ላይ በመስኮቱ በኩል ባለው ጠረጴዛ ነኝ።