አጠረን ወይስ ጠፋን?
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ነገር ስለ አንዲት አነጋገር ነው። በቃለ ጉባዔያችን ላይ «በሰው ኃይል እጥረት ምክንያት» የሚለው ቃል እየበዛ ስለ መጣ፣ ትርጉሙን አብረን እንድንመለከተው ብለን ነው።

«እጥረት» የመጣው «አጠረ» ከሚለው ነው። የጉድጓድ ገመድ ውሃው ጋ ሳይደርስ ሲቀር አጠረ ይባላል። መሥሪያ ቤትም የአሥር ሰው ሥራ ይዞ ስድስት ሰው ብቻ ሲኖረው የሰው ኃይል አጠረው እንላለን። «እጅ አጠረን» ካልን ግን ሌላ ነው፤ ገንዘብ አጣን ማለት ነው። «ሰው የለውም» ማለትም ዘመድ የለውም ማለት ይሆናል።

በሰፈር አነጋገር ሦስት ቃል አለን። «ሰው አነሰ» ሲባል ከመጀመሪያውም ሰዉ ለሥራው አይበቃም። «ሰው ጎደለ» ሲባል ከነበሩት አንዱ ታሞ ወይ ሞቶ ቦታው ባዶ ሆኗል። «ሰው ጠፋ» ሲባል ግን ሰው አለ፤ ሲፈለግ አይገኝም።

እኛም መዝገብ ቤት ስንሠራ ደብዳቤ በዘገየ ቁጥር «በሰው ኃይል እጥረት» እያልን እንጽፍ ነበር። አንዳንዴ እውነት ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ደርበን የያዝንበት ጊዜ አለ። አንዳንዴ ግን፣ መደበቅ ምን ያደርጋል፣ ሻይ ቤት ተቀምጠን ነው። ባለጉዳዩ ቃሉን አምኖ ይመለሳል። ዛሬ ጡረታ ወጥተን ስናስበው ያሳፍረናል።

ባለፈው ክረምት ከአባሎቻችን በአንዱ ቤት ኀዘን ደረሰ። ጥሩንባ ተነፋ። ድንኳን ለመትከል የመጣነው አራት ነን፤ ሦስታችን ሽማግሌ። ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ቆመ። አባቱ የሞተበት ልጅ እንባውን ጠርጎ ካስማውን ከእኛ ጋር መታ። በኋላ ቃለ ጉባዔው ላይ የሰፈረው ያው «የሰው ኃይል እጥረት» ነው። መዝገቡን ብንገልጠው ግን ስም ሞልቶበታል። አላጠረንም፤ ጠፍተን ነው!

ስለዚህ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ጸሐፊያችን ከእንግዲህ ትክክለኛውን ቃል ይጻፉልን። ያረጀና የታመመ አይወቀስም፤ እሱ ቢቀር «ጎደለ» ነው። ጉልበት ያለን ከቀረን ግን «ጠፋ» ተብሎ ይጻፍብን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ሎሚውስ አለ፤ ሃምሳው ሰው ይምጣ።