የቤት ዋጋና የሰፈር ኑሮ በደብረ ማርቆስ



ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ከተማ ሁለት ቤቶች ይታሰቡ። ስፋታቸው እኩል ነው፤ ሁለቱም በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ቆመው በጭቃ የተመረጉ፣ በቆርቆሮ የተከደኑ ናቸው። በአንደኛው ደጃፍ የክረምቱ ጐርፍ በድንጋይ በተሠራ ቦይ ይወርዳል፤ በሁለተኛው ግቢ ግን ውሃው እስከ መስከረም ተኝቶ ቋሚውን ከሥሩ ያበሰብሰዋል። ገዥ ሁለቱን በአንድ ዋጋ አይገዛም። በመተኪያ ዋጋ የሚገምት መሐንዲስ ግን እንጨቱን፣ ቆርቆሮውንና ምስማሩን ቆጥሮ ለሁለቱም አንድ አኃዝ ይጽፋል።

የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ንብረት ከሆነ ወዲህ በሕግ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ገዥ አስቀድሞ ደላላውን የሚጠይቀው ስለ ግድግዳው ሳይሆን ቧንቧው ውሃ ያመጣ እንደሆነ፣ በሐምሌም መኪና ይገባ እንደሆነ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455 የንብረት ካሣን በመተኪያ ዋጋ ላይ መሠረተ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ከቦታው ለሚነሣ ሰው ለማኅበራዊ ትስስሩ መቋረጥም ካሣ እንዲከፈለው ደነገገ። ይኸውም እድሩና እሳት የሚጫጫሩት ጐረቤት ዋጋ እንዳላቸው ሕጉ መቀበሉ ስለሆነ፣ ከብዙ መሐንዲሶች ቀድሞ ተገኝቷል።

ቦይ ግን ገና አልተቆጠረም። ጐረቤታሞች በግንቦት ተሰብስበው የሚጠርጉት ቦይ የዐሥሩንም ቤት ዕድሜ ያራዝማል፤ በማናቸውም የግምት ወረቀት ላይ ግን አይገኝም። በቅጹ ላይ ስለ ውሃ መውረጃ፣ ስለ መንገድና ስለ ቧንቧ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ፣ ገማቹን የሚጠይቁት በክረምት አንድ ቀን ወርዶ ሰፈሩን ማየት ብቻ ነው።