ስለ ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችና በጋራ ስለሚጠበቁ ዝርዝሮቻቸው

(በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 በእንዲህ ያለ በዓል የተማሪ ንግግር ብዙ ጊዜ ስለ ትምህርት ጥቅም በመናገር ይጀምራል። እኔ ግን በራሴ ጥፋት መጀመር አለብኝ።

ዛሬ የሚታደለው መጽሔት ሲዘጋጅ የተማሪዎችን ጽሑፍ በኮምፒውተር የመተየብ ሥራ ለእኔና ለሦስት ጓደኞቼ ተሰጥቶን ነበር። በኮምፒውተሩ ላይ የነበረው የመጻፊያ ፕሮግራም ስላረጀብን፣ ቡራዩ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ ሱቅ ሄጄ ሌላ በፍላሽ አስገልብጬ አመጣሁ። ፕሮግራሙ በውድ ዋጋ የሚሸጥ ሲሆን የእኛው ግን ቁልፉ የተሰበረ፣ በግልጥ አማርኛ የተሰረቀ ነበር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ «ሁሉም ሰው ያደርገዋል» ብዬ ኅሊናዬን አስተኛሁት። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮምፒውተሩን ብንከፍት የተየብነው ሁሉ ተቆልፎ፣ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አይከፈትም የሚል ማስታወቂያ አገኘን። ከጠፉት ጽሑፎች አንዱ የ9ኛ ክፍል ልጅ ስለ ሟች አያቱ የጻፈው ነበር፤ ሌላ ቅጂም አልነበረውም። ይቅርታ ጠይቄው እንደ ገና ጻፈው፤ ነገር ግን «የፊተኛውን ያህል አልሆነልኝም» አለኝ። ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የኮምፒውተር መምህራችን ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «በነፃና በሕግ የሚገኝ የመጻፊያ ፕሮግራም መኖሩን ታውቅ ነበርን?» አላውቅም ነበር። የንግግሬም ቁም ነገር ይኸው ነው። እኛን የቸገረን የነፃ ነገር ማጣት ሳይሆን፣ የታመነው የት እንዳለ የሚያመለክተን ማጣት ነው።

ለወላጆቻችን ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ ጥቂት ላብራራ። የኮምፒውተር ፕሮግራም በሰው የሚጻፍ ነው፤ ጽሑፉም ኮድ ይባላል። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ኮዱን ደብቀው የተሠራውን ብቻ ይሸጣሉ። ይህም ጠላ ሻጭ ጠላዋን ሸጣ አጠማመቁን ለጎረቤት እንደማትናገር ማለት ነው። ክፍት ምንጭ የሚባለው ፕሮግራም ግን ኮዱ ጭምር ለሁሉ የተሰጠ፣ ማንም ሊያነበው፣ ሊያርመውና ለሌላው ሊያካፍለው ፈቃድ ያለው ነው። ይህን ሐሳብ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 በይፋ አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስ የተባለውን ሥራ ጀመረ። በኪሳችን የያዝነው የአንድሮይድ ስልክ የተመሠረተው በሊኑክስ ላይ ነው። ሁላችንም የተመዘገብንበት ወይም የምንመዘገብበት የፋይዳ መታወቂያም የሚሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ በህንድ ባንጋሎር በተጀመረ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። ስለዚህ ነፃ ማለት ርካሽ ወይም ተራ ማለት እንዳይመስለን።

መጽሔታችንም እንደ ገና የተተየበው ሊብሬ ኦፊስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ይህም በአማርኛና በኦሮምኛ ገጽታ ይገኛል። ፊደሉ ኤስ አይ ኤል የተባለ ድርጅት በነፃ ያወጣው አቢሲኒካ ነው። ለሁለቱም አንድ ሳንቲም አልከፈልንም፤ የሰረቅነውም የለም።

ነገር ግን ነፃው ነገር እጅግ ብዙ ነው። ጊትሀብ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ፕሮግራመኞች ኮዳቸውን የሚያኖሩበት የኢንተርኔት ጎተራ ነው። በውስጡ የበሰለውና ያልበሰለው፣ በየቀኑ የሚታረመውና የተተወው በሚሊዮን ተከምሯል። መርካቶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ የባላገር ልጅ የትኛው ሱቅ እንደሚታመን እንደማያውቅ ሁሉ፣ ጀማሪም በዚያ መካከል ግራ ይጋባል። በጋራ የሚጠበቁ ዝርዝሮች የተፈጠሩት ስለዚህ ነው።

ሁለቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው የነፃ የፕሮግራም መጻሕፍት ዝርዝር ነው። ይህ ዝርዝር መጀመሪያ ስታክ ኦቨርፍሎው ላይ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ቪክቶር ፌልደር የተባለ ሰው ሁሉም እንዲያርመው ወደ ጊትሀብ አዛወረው። ዛሬ በፍሪ ኢቡክ ፋውንዴሽን ሥር ሲሆን፣ መጻሕፍቱ በየቋንቋውና በየትምህርቱ ዓይነት ተለይተው ተመዝግበዋል። ሁለተኛው ሲንድሬ ሶርሁስ የተባለ ኖርዌያዊ በ2014 የጀመረው ኦሰም የተባለ የዝርዝሮች ዝርዝር ነው። የዚህ ሕግ ጥብቅ ነው። አዲስ ዝርዝር ቢያንስ 30 ቀን ሳይቆይ አይቀርብም፤ አቅራቢውም አስቀድሞ የሌሎችን ማመልከቻ እንዲመረምር ይጠየቃል። ያገኙትን ሁሉ መከመር አይፈቀድም፤ ሰው አውቆ ለወዳጁ የሚመክረው ብቻ ይገባል።

አሠራሩ ከእድር መዝገብ ጋር ይመሳሰላል። አንድ መስመር መጨመር ወይም ማረም የሚፈልግ ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀርባል። ጠባቂዎቹ መርምረው ያስገቡታል፣ አለዚያም ምክንያቱን ነግረው ይመልሱታል። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ተመዝግቦ ይኖራል።

በዚህ ሥራ ኢትዮጵያውያን ተቀባዮች ብቻ አይደሉም። በፊንላንድ የሚኖረው አሳብነህ የታየህ የፓይተንንና የጃቫስክሪፕትን ትምህርት በ30 ቀን ከፋፍሎ በጊትሀብ ላይ በነፃ አኑሯል። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎች ስሕተቱን እያረሙና ወደ ቋንቋቸው እየተረጎሙ ረድተውታል። እኔም የመጀመሪያውን የፓይተን መስመር የጻፍሁት በእርሱ ትምህርት ነው። ማይክል ጋሰር የተባሉ ምሁር የሠሩት ሆርንሞርፎ ደግሞ የአማርኛን፣ የኦሮምኛንና የትግርኛን ቃላት እየፈታ የሚተነትን ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። ቋንቋችንን ለኮምፒውተር ማስተማር የሚሻ ተማሪ ከባዶ መነሣት እንደሌለበት የሚያውቀው እንዲህ ያለው ሥራ በዝርዝር ላይ ሲያገኘው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። ከዚያ ጥፋት በኋላ እኔ ከቡራዩ፣ አንድ ጓደኛዬ ከሱሉልታ፣ የአክስቴም ልጅ ከሰበታ ሆነን አንድ ዝርዝር ጀመርን። ከተሞቻችን ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ቢሆኑም በመካከላቸው አዲስ አበባ አለች። ከሱሉልታ ሰበታ ለመድረስ እንጦጦን ወርዶ፣ ታክሲ ለዋውጦ፣ ግማሽ ቀን መፍጀት ነው። ዝርዝሩ ግን ታክሲ አይጠብቅም። ሦስታችንም በየቤታችን ሆነን እናርመዋለን። መጠኑም ከአንድ ፎቶግራፍ ያነሰ ስለሆነ ካርድ አይጨርስም።

በመጀመሪያ ያየነውን ሁሉ እየጻፍን 60 መስመር አደረስነው። ኋላ ግን «ራሳችን ያልሞከርነው አይግባ» የሚል ሕግ አወጣን፤ 60ው 19 ሆነ። ከቀሩት መካከል ኢንተርኔት በሌለበት ዊኪፔዲያን የሚያስነብበው ኪዊክስ ይገኛል፤ መስመር በሚቋረጥበት ቀን ለቤተ መጻሕፍታችን ትልቅ እርዳታ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ያስተማረን ግን አንድ እርማት ነው። ሰበታ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። የአክስቴ ልጅ ዓይነ ስውር ጓደኛ ኤንቪዲኤ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ኮምፒውተር ያነባል፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ የጀመረው ማይክል ከራን ራሱ ዓይነ ስውር ነው። ይህ ጓደኛችን ዝርዝራችንን ካየ በኋላ «ሦስተኛ ላይ ያመሰገናችሁት ማስተማሪያ ለእኔ አይሠራም፤ ቁልፎቹ ሁሉ ስም የላቸውም» ሲል ጻፈልን። ሦስታችን ደጋግመን ሞክረነው ይህን አላየንም ነበር። በዚያው ቀን መስመሩን አረምን፤ ከዚያም ወዲህ በእያንዳንዱ መስመር ፊት በድምፅ የሚነበብ መሆኑንና አለመሆኑን እንጽፋለን። ዝርዝር በብዙ ሰው መጠበቁ የሚጠቅመው እንዲህ ሲሆን ነው።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባኝም። አንደኛ፣ ዝርዝር ያረጃል፤ የማይታረም ዝርዝር ያልታረመ ማሳ ነው። ሁለተኛ፣ ክፍት መሆን ብቻውን ከክፉ አያድንም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ኤክስ ዜድ በተባለ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ውስጥ በስውር የተሠራ የሰርጎ ገብ በር ተገኘ። ያስገባው ለረጅም ጊዜ ቅን ረዳት መስሎ የደከመውን ጠባቂ አመኔታ ያገኘ ነበር። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ግን ኮምፒውተሩ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱን ንቆ ሳያልፍ መርምሮ ደረሰበት። ኮዱ ክፍት ባይሆን ኖሮ ምርመራው እንዲህ አይቀልም ነበር፤ ሰውየው ባይተጋ ኖሮ ደግሞ ክፍትነቱ ብቻውን ባልረዳ። ሦስተኛ፣ ዝርዝር ማንበብ መማር አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ክረምት ሙሉ የመጻሕፍት ስም ስሰበስብ ከርሜ አንዱንም ሳልጨርስ መስከረም ጠባ።

እንግዲህ ልመናዬን በአጭሩ ላቅርብ። ወላጆቻችን ሆይ፣ ልጃችሁ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጥ «ይህን ከየት አመጣኸው? የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። መምህራኖቻችን ሆይ፣ የምታውቁትን መልካም መጽሐፍና ፕሮግራም ለዝርዝሩ ስጡን፤ ስንሳሳትም አርሙን። ጓደኞቼ ሆይ፣ በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርት ሲጀመር ብዙዎቻችን ተመዝግበናል። ሠርተፊኬት የተቀበላችሁ ሁሉ የጠቀማችሁን አንድ ነገር፣ የጎዳችሁንም አንድ ነገር ጻፉልን።

እኔ በሰኔ ከዚህ ተማሪ ቤት እወጣለሁ። ብዙ ዝርዝር የሚሞተው ጀማሪው ሲሄድ መሆኑን አይቻለሁ፤ የእኛም እንዳይሞት እፈራለሁ። ስለዚህ ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ሁለት ጠባቂዎች እንዲመረጡ እለምናለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ እስከ ፈተናው ድረስ አሳያቸዋለሁ። ሥራው በሳምንት ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ፤ 19ኙ መስመሮች ለእኔ ብቻ ከተተዉ ሸክም ናቸው፤ ለተማሪ ቤቱ ሁሉ ከሆኑ ግን ጌጥ ይሆናሉ።