ስፌታችንን በፎቶ ስናሳይ
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዝ ስለሆንኩ ስለ ቁጠባና ብድር የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። ዛሬ ግን የምናገረው ስለ ፎቶ አነሳስ ነው። ነገሩ ከሒሳባችንም የራቀ አይደለም። በቅርቡ አንዲት አባላችን ሙዳይ ሠርታ አዲስ አበባ ላለች ደንበኛ ፎቶውን በስልክ ላከችና ተሸጠላት። ዕቃው ሲደርስ ደንበኛዋ «ትልቅ መስሎኝ ነበር» ብላ መለሰችው። የደርሶ መልስ ማጓጓዣውን የከፈለችው አባላችን ናት። ሙዳዩ አንድም እንከን አልነበረበትም፤ ፎቶው ግን መጠኑን አላሳየም።

ጥሩ ፎቶ ለማንሳት የግድ ውድ ስልክ አያስፈልግም። ዋናው ቅንብር ነው። ቅንብር ማለት ፎቶው ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር፣ የገባውስ የት ይቀመጥ ብሎ መወሰን ነው።

ይህ ለከተማችን አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ከሐረር ለቤተሰቡ የራሱን ፎቶዎች ልኳል። አንዱን በቤቱ ሰገነት ላይ፣ ሌላውን ቡና ተክል ውስጥ፣ ሌላውን ደግሞ ሙዝ መካከል እጁን አጣምሮ ቆሞ ነው የተነሣው። የሚያጥብበት ውኃ መጥፎ ስለነበር ምስሎቹ ነጥተውበታል። ቢሆንም እናቱ ልጇ የት እንደሚኖር ከጀርባው ካለው ተክል ማየት ትችል ነበር። ከጀርባ ያለው ነገርም ይናገራል ማለት ነው።

ወደ እኛ ሥራ ስንመጣ፣ እነዚህን አምስት ነገሮች ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ጀርባውን አጽዱ። በሐረሪ ቤት ግድግዳው በስፌት ሲሞላ ያምራል፤ ለሽያጭ ሲነሣ ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። የሚሸጠውን አውርዳችሁ አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ ለብቻው አስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ መጠኑን አሳዩ። አጠገቡ የቡና ሲኒ አድርጉ፤ ሲኒን የማያውቅ ደንበኛ የለንም። ስፋቱንና ቁመቱንም በሴንቲሜትር ጻፉ።

ሦስተኛ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። ጠዋት በር ወይም መስኮት አጠገብ ስታነሡ የስፌቱ ዙር አንድ በአንድ ይታያል። የቀትር ፀሐይና የስልኩ ፍላሽ ግን ቀለሙን ያበላሹታል።

አራተኛ፣ የስልካችሁን ካሜራ ሴቲንግ ከፍታችሁ መስመሮቹን አብሩ። ሁለት ቋሚና ሁለት አግድም መስመሮች ምስሉን ዘጠኝ ቦታ ይከፍሉታል። ስፌቱ ብቻውን ከሆነ መሐል ይሁን። የምትሰፋ ሴት ከሆነች ግን መስመሮቹ ከሚገናኙበት በአንዱ ላይ አድርጓት፤ ፊቷ በዞረበት በኩልም ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። ይህ የማይሻር ሕግ ሳይሆን መነሻ ነው።

አምስተኛ፣ በስልኩ ከማቅረብ ይልቅ ራሳችሁ ተጠጉ። በስልክ ሲቀርብ ምስሉ ይደበዝዛል።

ለልምምድ ከጀጎል የተሻለ ቦታ የለም። በጠባቡ መንገድ መሐል ቁሙና የግራና የቀኙ ግንብ ዓይናችሁን ወዴት እንደሚመራ ተመልከቱ። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች በአንዱ ሥር ሆናችሁም በሩን እንደ ክፈፍ ተጠቀሙበት።

አንድ አደራ አለኝ። በመኪና ግርግር ስናልፍ ሳይጠየቁ ፎቶ ሲነሡ ፊታቸውን የሚሸፍኑ እናቶችን እናያለን። እኛ እንደዚያ አናድርግ። የማንንም ፊት ከማንሣታችን በፊት እንጠይቅ፤ ፎቶው ለሽያጭ የሚለጠፍ ከሆነም ያንኑ እንንገራት። እጄን ብቻ ካለች፣ እጇን ብቻ እናንሣ። የሚሰፋ እጅ ራሱ ጥሩ ፎቶ ነው።

ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዳችሁ የአንድ ስፌት ሦስት ፎቶ ይዛችሁ ኑ፦ አንዱ ሙሉውን፣ አንዱ ከሲኒ ጋር፣ አንዱ የአሰፋፉን ዝርዝር የሚያሳይ። አብረን አይተን የሚላኩትን እንመርጣለን። ስማርት ስልክ የሌላት እህት አትቸገር፤ ስፌቷን ይዛ ትምጣ፣ እዚሁ እናነሣላታለን።