የሳላማንደር የበሽታ መከላከያ ጂኖችና የናሙና ነገር

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንድ መሐንዲስ ስለ ሳላማንደር ሊናገር መቆሙ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ሳላማንደር ከእንቁራሪት ወገን የሚቆጠር፣ መልኩ ግን እንሽላሊትን የሚመስል ባለ ጅራት እንስሳ ነው። ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ በዱር አይገኝም፤ እኔም የማውቀው በሥዕል ብቻ ነው።

በሜክሲኮ ከተማ ውስጥ በሶቺሚልኮ ቦዮች የሚኖረው አክሶሎትል የተባለው ዓይነት፣ የተቆረጠ እግሩን መልሶ በማብቀሉ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1864 አውጉስት ዱሜሪል የተባለው የፓሪስ የእንስሳት ሊቅ አምስት ወንዶችና አንዲት ሴት አክሶሎትሎች ተቀበለ። ዛሬ በየላቦራቶሪው ያሉት በአብዛኛው የእነዚህ የጥቂቶቹ ዘር ናቸው።

በእንስሳት ሰውነት ውስጥ የጀርምን ፕሮቲን ቁራጭ ይዘው ለተከላካይ ሕዋሳት የሚያሳዩ ሞለኪውሎች አሉ። እነዚህን የሚያሠሩት ጂኖች በአንድ ወገን ውስጥ እንኳ ከአንዱ እንስሳ ወደ ሌላው እጅግ ይለያያሉ፤ አንዱ የሳተውን ጀርም ሌላው ይይዘዋልና ወገኑ በአንድ ወረርሽኝ አያልቅም። በላቦራቶሪ አክሶሎትሎች ዘንድ ግን ሁለተኛው ክፍል የተባሉት ጂኖች እምብዛም ልዩነት አልታየባቸውም። ከሌላ አክሶሎትል የተተከለባቸውንም ቆዳ የሚጥሉት በዝግታ ነው። ከዚህ ተነሥተው የእንስሳው መከላከያ ደካማ ነው ያሉ ሊቃውንት ነበሩ።

ይህን ሳነብ፣ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን የሠራነው አንድ መጋዘን ትዝ አለኝ። ከግቢው አንድ ጫፍ የወጣ አፈር አስመርምረን መሠረቱን ወሰንን። በሌላው ጫፍ መረሬ ኖሮ፣ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳው ተሰነጠቀ። የአፈሩ ምርመራ አልተሳሳተም፤ ለዚያች ጉድጓድ ልክ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአክሶሎትል የቅርብ ዘመድ በሆነው በዱር ነብር ሳላማንደር ላይ የታተመ ጥናት፣ በዚያው በሁለተኛው ክፍል ጂን ልዩነት መኖሩን አሳየ። ቆዳን በዝግታ መጣሉ ግን በሌሎች ሳላማንደሮችም ይታያልና የወላጆች ጥቂትነት ብቻውን አይገልጸውም። ይህን አለመሸፈን ይገባኛል።

ነገሩ የመጻሕፍት ክርክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ስም የወጣለት ቆዳ በል ፈንገስ፣ በኔዘርላንድ የነበረውን የእሳት ሳላማንደር ከመቶ ወደ አራት እጅ ገደማ አውርዶት ነበር። በሶቺሚልኮም እ.ኤ.አ. በ1998 በካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል የተገመተው አክሶሎትል፣ በ2014 ቆጠራ 36 ብቻ ሆነ። በላቦራቶሪ አክሶሎትል ሞልቷል፤ ወደ ፓሪስ ያልተጓዘውን ጂን የምንፈልገው ግን በእነዚያ ቦዮች ውስጥ ነው።