በኑክሌር አደጋ ጊዜ ምን እናድርግ?



ከወገኖቻችን ብዙዎች የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ባለባቸው የአውሮፓና የአሜሪካ አገሮች ይኖራሉ። ስለዚህ ከቼርኖቢል የምንማረው አለ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986 ሌሊት፣ ያን ጊዜ በሶቪየት ኅብረት ሥር በነበረችው ዩክሬን፣ ማመንጫው ፈነዳ። በአጠገቡ የነበረችው የፕሪፕያት ከተማ ሕዝብ፣ 49,000 ያህል ሰው፣ እንዲወጣ የተደረገው ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ ቅዳሜ ልጆች ትምህርት ቤት ውለዋል።

ከዚያም ወተቱ መጣ። ጨረር ያለበት አዮዲን በሣር ላይ ወረደ፤ ላሞች ሣሩን ጋጡ፤ ልጆች ወተቱን ጠጡ። በኋለኞቹ ዓመታት በሺህ የሚቆጠሩት በእንቅርት ዕጢ ካንሰር ታመሙ። የዚህ አዮዲን ኃይል በየ8 ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወተቱን ለጥቂት ሳምንታት መከልከል ብቻ ብዙዎችን ባዳነ ነበር። በጎረቤት ፖላንድ ግን ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች የአዮዲን መድኃኒት ፈጥኖ ታደለ።

እንግዲህ አደጋ ቢደርስ፦
ቤት ገብተን በርና መስኮት እንዝጋ።
ከውጭ የመጣ የላይ ልብሱን አውልቆ በውኃና በሳሙና ይታጠብ።
በደጅ የቆየ ምግብ አንብላ፤ የአካባቢውን ትኩስ ወተት ለልጆች አንስጥ።
የአዮዲን ክኒን የጤና ባለ ሥልጣኖች ሲያዝዙ ብቻ እንውሰድ፤ አዮዲን ያለበት ጨው አይተካውም።
ሬዲዮ እናዳምጥ፤ ውጡ ሳንባል አንውጣ፣ ስንባልም አንዘግይ።

የአገሩን ቋንቋ ገና ያልለመዱ እናትና አባቶች በመካከላችን አሉ። ማስጠንቀቂያውን በስልክ፣ በሚሰሙት ቋንቋ፣ ሳይዘገይ የሚነግራቸውን ሰው ከዛሬ እንመድብ። በፕሪፕያት የጎደለው ይህ ነበር፤ በጊዜው የተነገረ እውነት።