የወላይታ ቆላ፣ የገንዲ በሽታና የሠፋሪው በሬ



የወላይታ ደጋና ወይናደጋ፣ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ከተጨናነቀባቸው የገጠር ሥፍራዎች አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው። በሶዶ ዙሪያ የሚኖረው ገበሬ ከአነስተኛ ይዞታው እንሰቱንና ጎደሬውን የሚያገኘው፣ ከብቶቹ በሚሰጡት ፍግ አማካይነት ነው። ወተቷ የነጠፈ ላም እንኳ ስለ ፍጓ ብቻ ልትጠበቅ ትችላለች። ስለዚህ በዚህ አካባቢ የከብት ሞት የሥጋና የወተት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጓሮውም ለምነት አብሮ ያልቃል።

በሌላ ወገን ወደ አባያ ሐይቅና ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርደው ቆላ ለረጅም ዘመን ሕዝቡ የሳሳ ሆኖ ቆይቷል። ሰውን ወባ፣ ከብትን ገንዲ ስለሚያጠቁት ነው። በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዋዱ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ከደጋው ጥበት ገበሬዎችን አውጥቶ በአበላና በበሌ ባሠፈረ ጊዜ፣ የገጠመው ይኸው የቆላ ችግር ነበር። በ1977 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ባለ ድርቅ ጊዜ ደግሞ፣ የደጋው ግጦሽ ሲያልቅ ከብቱ ውኃና ሣር ፍለጋ ወደ ወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ይወርዳል። የቆላ ዝንብም በደረቅ ወራት የሚሰበሰበው ከዚያው ጥላና እርጥበት ካለበት ሥፍራ ነው። በረኃብ የደከመ ከብትና ደም የተጠማ ዝንብ በአንድ ወንዝ ዳር ይገናኛሉ ማለት ነው።

ገንዲ በድንገት አይገድልም። የተያዘው በሬ ሣሩን እየጋጠ ይከሳል፣ ጠጉሩ ይቆማል፣ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ይነጣል፤ ላሟም ትጨነግፋለች። ገበሬው የመኖ ጉድለት ነው ብሎ ሲጠብቅ የእርሻው ወቅት ያልፍበታል። በድርቅ ጊዜ ይህ ስሕተት የባሰ ነው፤ ከብቱ ሁሉ ከስቶ ሳለ ታማሚውን ከተራበው ለመለየት ባለሙያም ይቸገራል።

የዝንቧ አረባብ ልዩ ነው። እንቁላል አትጥልም፤ አንዲት እጭ በሆዷ አሳድጋ፣ በዘጠኝ ወይም በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ትወልዳለች። እጯም አፈር ውስጥ ገብታ አንድ ወር ያህል ከቆየች በኋላ ዝንብ ሆና ትወጣለች። ርቢዋ ይህን ያህል አዝጋሚ በመሆኑ፣ በየቀኑ ጥቂቷን እንኳ ያለማቋረጥ መግደል ቁጥሯን ለማመናመን ይበቃል። በፀረ ተባይ የተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ በግጦሽ ዳር መስቀል የሚጠቅመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀለሙ ይስባታል፣ አርፋበት ትሞታለች። መድኃኒቱን በከብቱ ላይ ማድረግም ሌላው መንገድ ነው። ዝንቧ ደም የምትመጠው በብዛት ከእግርና ከሆድ በመሆኑ፣ መድኃኒት ሲያጥር እነዚህን ክፍሎች ብቻ መርጨት ይቻላል።

ሆኖም በጊቤ ሸለቆ በ1980ዎቹ ዓመታት በተደረገው ሥራ እንደታየው፣ የተሰቀሉት ጨርቆች ይሰረቃሉ። ጥሩ ጨርቅ ነውና ይህ ሊያስገርም አይገባም። ነዋሪው በምክር ያልተሳተፈበት ጨርቅ ለነዋሪው የመንግሥት ዕቃ ሆኖ ይቀራል። በከብቱ ጀርባ ላይ የፈሰሰው መድኃኒት ግን አይሰረቅም፤ ባለ ከብቱም ውጤቱን ወዲያው ያያል።

ስለ መርፌው አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። ዲሚናዚን የታመመውን ያድናል፤ አይሶሜታሚዲየም ለጥቂት ወራት ይከላከላል። ነገር ግን በገበያ በየሰው እጅ እየተገዛ፣ መጠኑ ጎድሎ የሚወጋው መድኃኒት ተሐዋሲውን መድኃኒት እንዲለምድ ያደርገዋል። የጊቤው ጥናት ይህንንም አረጋግጧል። በሬውን ለማዳን ሲባል ግማሽ መጠን መስጠት ለጎረቤት በሬ ጠንቅ ነው።

ዝንቧን ከሥሯ ለማጥፋት በ1989 ዓ.ም. በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ያነጣጠረ ፕሮጀክት በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ተጀመረ። በአዲስ አበባ ቃሊቲም የዝንብ ማራቢያ በ1999 ዓ.ም. ተመረቀ። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ የምትገናኘው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ በጨረር የመከነ ወንድ ካገኛት ዘር አትተካም። ዘዴው ረቂቅ ነው፤ ነገር ግን የዝንቡ ቁጥር አስቀድሞ በጨርቅና በመድኃኒት ካልቀነሰ የሚለቀቁት ወንዶች በብዙኃኑ መካከል ይዋጣሉ።

ወደ ቆላ የሚወርድ አባወራ በሬውን ይዞ የሚሄድ ከሆነ፣ ሐሳቡ ከጉዞው አስቀድሞ መጀመር ይኖርበታል። ከደጋ የወረደ በሬ ገንዲን አያውቅምና ፈጥኖ ይወድቃል። የመከላከያ መርፌው ከመነሣቱ በፊት፣ የእግርና የሆድ ርጭቱ ከደረሰ በኋላ ሳይዘገይ ሊሰጠው ይገባል። ማሠማሪያውም ከወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ይራቅ፤ በተለይ የዚህ አካባቢ ዋነኛ ዝንብ ወደ ማታ ስለምትበረታ፣ ያን ጊዜ ከብቱ ቢቻል በሰፈር ይዋል።

ከብት በአደራ ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ሰጥቶ ማርባት በወላይታ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ የቆላ ከብት ወደ ደጋ መመለሱ አይቀርም። ከገንዲ ተሐዋስያን አንዱ ደግሞ ያለ ቆላ ዝንብ፣ በሌሎች ተናካሽ ዝንቦች አፍ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ በሶዶ ከፍታ ላይ ጠጉሩ የቆመ በሬ ሲገኝ፣ የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ደሙን ወስዶ ለሶዶው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ይላክ፤ ባለቤቱንም በሬው ባለፉት ወራት የት እንደከረመ ይጠይቀው።